በአንድ የዓይን ምስክርና በጣቢያ በተሰጠ ቃል ላይ የቆመ የውንብድና ክስ፦ እንዴት እናንብበው?

ወንድም ከሜክሲኮ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሕግ የተማራችሁም ሆናችሁ በችሎት ደጃፍ ያለፋችሁ ሰዎች እንድትመክሩኝ አንድ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት በረዳትነት ይሠራል። በታኅሣሥ ወር አንድ ምሽት፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር አንዲት ሴት ገፍትረህ ስልኳን ነጥቀሃል ተብሎ በማግስቱ ተያዘ። ለፖሊስ ምርመራ የተሰጠው የጊዜ ቀጠሮ ካበቃ በኋላ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 670 የውንብድና ክስ ቀርቦበታል። የክሱ ወረቀት እጃችን ገብቷል፤ የእምነት ክህደት ቃሉን (ክሱን ማመኑን ወይም መካዱን) የሚሰጥበት ቀጠሮም ተቃርቧል።

በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ የሰፈሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የተበዳይዋ ምስክርነት ነው። ሴትዮዋ ወደ ጣቢያው ተጠርታ ስትመጣ ወንድሜ ካቴና ገብቶለት ብቻውን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እሷም «እሱ ነው» አለች። ሁለተኛው እዚያው ጣቢያ የሰጠው ቃል ነው። ቃሉ ድርጊቱን ማመኑን ይናገራል፤ እሱ ግን ሳይነበብለት እንዲፈርም እንደተደረገና «ከፈረምክ ነገ ትወጣለህ» እንደተባለ ይናገራል። ሦስተኛው ከአንድ ሱቅ ካሜራ የተወሰደ ምስል ሲሆን ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ሲሮጥ ከማሳየቱ በስተቀር ፊት አይለይበትም። ስልኩ ወንድሜ ዘንድ አልተገኘም።

አባታችን «ከመንግሥት ጋር መከራከር አያዋጣም፤ አምኖ ይቅርታ ይጠይቅና ቅጣቱ ይቅለልለት» ይላሉ። እናታችን ደግሞ ይህን መስማት አይፈልጉም። ወንድሜ ራሱ አላደረግሁትም ባይ ነው፤ ሆኖም ደክሞታል፤ የአባታችንን ምክር ወደ መቀበሉ ያዘነበለ ይመስለኛል። ይህ ክስ በትክክል ምን ይላል? እነዚህስ ማስረጃዎች ምን ያህል ይመዝናሉ?

የልደታ ጠበቃ

ወንድሜ፣ ስለ ማስረጃው ከመነጋገራችን በፊት የክሱን ወረቀት ደግመው ያንብቡት። ብዙ ቤተሰብ የአንቀጹን ቁጥር አይቶ ይደነግጥና መካከል ላይ ያለውን ዝርዝር ሳያነብ ይቀራል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 111 እና 112 ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል፤ ወንጀሉ፣ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ፣ አፈጻጸሙ እንዲሁም ተጣሰ የተባለው የሕግ አንቀጽ ተከሳሹ ምን እንደተባለ በሚገባው መንገድ መጻፍ አለባቸው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 2 ተከሳሽ ክሱን በበቂ ዝርዝር የማወቅና በጽሑፍ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ክሱ በዚህ ረገድ ጉድለት ካለበት፣ ለምሳሌ ሰዓቱ ወይም ቦታው ሰው ሊከላከለው በማይችል ደረጃ ደብዛዛ ከሆነ፣ መቃወሚያ የሚቀርበው ክሱ እንደተነበበ፣ የእምነት ክህደት ቃል ከመሰጠቱ በፊት ነው።

ቀጥሎ አንቀጹን ወደ ፍሬ ነገሮቹ ይበትኑት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ (በሕግ መከልከሉ)፣ ግዙፋዊ (ድርጊቱ) እና ሞራላዊ (የአድራጊው ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት) ፍሬ ነገሮቹ ተሟልተው ሲገኙ መሆኑን ይናገራል። ወደ እርስዎ ጉዳይ ስናመጣው፣ ዐቃቤ ሕጉ ስልኩ መወሰዱን፣ የወሰደው ወንድምዎ መሆኑን፣ የወሰደውም የማይገባ ጥቅም ለማግኘት አስቦ መሆኑን፣ በተጨማሪም ሲወስድ በተበዳይዋ ላይ የኃይል ድርጊት መፈጸሙን ወይም በከባድ ሁኔታ ማስፈራራቱን ማስረዳት ይጠበቅበታል። የመጨረሻው ከጎደለ፣ የቀረው ሁሉ ቢረጋገጥ እንኳን ድርጊቱ ውንብድና መሆኑ ይቀርና በአንቀጽ 665 ሥር የሚወድቅ ስርቆት ሊሆን ይችላል። የስርቆት ቅጣት ጣሪያው 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ የውንብድናው ከዚያ በእጅጉ ይርቃል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 113 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን በክሱ ላይ ባልተጠቀሰ ነገር ግን ቀለል ባለ ወንጀል ጥፋተኛ ሊያደርገው እንደሚችል ስለሚፈቅድ፣ መገፍተሩ በማን ምስክርነትና እንዴት ይረጋገጣል የሚለው ጥያቄ ብቻውን ዓመታትን ይወስናል።

እኔ ማንኛውንም የክስ መዝገብ ሳነብ በእያንዳንዱ ማስረጃ ፊት ለፊት ሁለት ጥያቄዎችን እጽፋለሁ፤ የትኛውን ፍሬ ነገር ያስረዳል? እንዴትስ ተወለደ? የካሜራው ምስል አንድ ሰው መሮጡን ያስረዳል፤ የሮጠው ማን እንደሆነ ግን አያስረዳም። የወንድምዎ ማንነት የተንጠለጠለው በተበዳይዋ ቃልና በጣቢያው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ሁለቱ ለጆሮ እጅግ የጠነከሩ ይመስላሉ፤ «አይታዋለች፣ እሱም አምኗል» ሲባል ሰው ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ሆኖም አመጣጣቸው ሲታይ በመዝገቡ ውስጥ እጅግ ጥንቃቄ የሚሹት እነሱው ሆነው ይገኛሉ።

አባትዎን በተመለከተ፣ ምክራቸው ከፍቅር የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ጸጸትም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ተቆጥሯል። ይሁን እንጂ ያላደረገው ነገር የሚጸጽተው ሰው የለም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 134 መሠረት ተከሳሹ በክሱ የተዘረዘረውን ሁሉ ያለ አንዳች ገደብ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል፤ ያን ጊዜ ምስክሯን መጠየቅም፣ ስለ ጣቢያው ቃል መከራከርም ላይኖር ነው። ዝም ቢል ወይም ከፊሉን ብቻ ቢያምን ደግሞ እንደካደ ተቆጥሮ ይመዘገባል። «አላደረግሁትም፤ ጥፋተኛም አይደለሁም» ማለት ፍርድ ቤቱን መድፈር አይደለም፤ ማንም ዳኛም በዚህ አይቆጣም።

የቀድሞ መርማሪ

በምርመራ ሥራ ላይ ረጅም ዘመን ያሳለፍኩ ሰው ነኝና የሌላውን ወገን ነገር ልናገር። «ጣቢያ የሰጠሁት ቃል በግዳጅ ነው» የማይል ተከሳሽ በችሎት ብዙም አይገኝም፤ ዳኛ ይህን በተባለ ቁጥር የሚቀበል ቢሆን ኖሮ በገዛ ፈቃዳቸው ያመኑ፣ ዕቃውንም መርተው ያወጡ ሰዎች ሁሉ በነጻ በሄዱ ነበር። የተበዳይ ቃልም እንዲሁ በከንቱ የሚጣል አይደለም። ስልኳን የተነጠቀች ሴት የማታውቀውን ልጅ ለማሳሰር ምንም ምክንያት የላትም።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ተጠርጣሪን በካቴና ብቻውን አስቀምጦ «እሱ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ የትኛውም ሥራውን የሚያከብር መርማሪ የሚከላከለው አሠራር አይደለም። ደንቡ በዕድሜ፣ በቁመትና በአለባበስ የሚቀራረቡ ሰዎችን አሰልፎ ማስለየት ነው። ከዚያም በፊት ምስክሯ ያየችውን ሰው በራሷ አገላለጽ እንድትናገርና እንዲጻፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የተጻፈውን የአቤቱታ ቃሏን ፈልጉ። በዚያ ላይ «ቁመቱ እንዲህ፣ መልኩ እንዲህ» የሚል ካለ ከወንድምህ ጋር አስተያዩት፤ ምንም ከሌለ ደግሞ ለምን የለም ብላችሁ ጠይቁ።

የእምነት ቃልን በተመለከተ እኛ በሥራ ላይ ሳለን የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ቃሉ ወዴት መራ? አምኗል የተባለ ሰው ከድርጊቱ ፈጻሚ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ከተናገረ፣ ስልኩን የሸጠለትን ሰው ካሳየ፣ ኤግዚቢቱም (ተወሰደ የተባለው ዕቃ) ከተገኘ፣ ያ ቃል በእግሩ ይቆማል። «ለማላውቀው ሰው አውቶቡስ ተራ ሸጥኩት» የሚል ዓይነት ቃል ግን ማንም ሊጽፈው የሚችል ነው። የወንድምህ ቃል ከተበዳይዋ አቤቱታ የተለየ አንድም አዲስ ነገር ይዟል ወይ?

ወንድም ከሜክሲኮ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቃሉን አሁን ደግሜ አነበብኩት። «ለማላውቀው ሰው ሸጥኩት» ነው የሚለው። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ አገፋፈሩ ሁሉ በአቤቱታው ላይ ካለው ጋር ከአረፍተ ነገር አገባቡ ጀምሮ አንድ ነው። በአቤቱታው ላይ ደግሞ የነጣቂው መልክ «ጥቁር ጃኬት የለበሰ ወጣት» ከሚለው ሌላ አልተገለጸም።

የሕግ ተማሪ፣ ስድስት ኪሎ

እዚህ ላይ የተነሡት ሁለት ነገሮች በዓለም ዙሪያ ብዙ የተጠኑ ናቸው። በ1974 እ.ኤ.አ. ኤሊዛቤት ሎፍተስና ባልደረባዋ ባደረጉት ሙከራ ተመልካቾች የመኪና ግጭት ፊልም ካዩ በኋላ መኪኖቹ ምን ያህል ይፈጥኑ እንደነበር ተጠየቁ። በጥያቄው ውስጥ ግጭቱን የሚያበረታ ግስ የተጠቀሙባቸው ሰዎች፣ ለስለስ ያለ ግስ ከተጠቀሙባቸው ይልቅ ከፍ ያለ ፍጥነት ገመቱ። የታየው ፊልም አንድ ነው፤ ትዝታውን ያናወጠው አጠያየቁ ነው። ካቴና የገባለትን ሰው አሳይቶ መጠየቅ ከዚያ በብዙ የሚብስ ጥቆማ ነው፤ ምስክሯ በቅንነት ብትመልስ እንኳን ጥያቄው መልሱን ይዞ ቀርቧልና። በአሜሪካ ከተፈረደባቸው በኋላ በዘረመል (ዲ.ኤን.ኤ) ምርመራ ነጻ ከወጡት ሰዎች መካከል ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የተሳሳተ የዓይን ምስክርነት ነበረባቸው። ከእነዚያ ምስክሮች ብዙዎቹ አልዋሹም፤ ከልባቸው አምነው ነው የተሳሳቱት። ዳኛን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ ውሸታም ይንተባተባል፣ ከልቡ የተሳሳተ ሰው ግን አይንተባተብም።

የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1976 እ.ኤ.አ. በተርንቡል ጉዳይ ያስቀመጠው መመሪያ በብዙ አገሮች የሚጠቀሰው በዚህ ምክንያት ነው። ምስክሩ ተጠርጣሪውን ለምን ያህል ጊዜ አየው? ከምን ያህል ርቀት? ብርሃኑ እንዴት ነበር? በመካከል የጋረደው ነገር ነበር? ቀድሞ ያውቀው ነበር? ካየው በኋላ እስኪለየው ድረስ ምን ያህል ጊዜ አለፈ? መጀመሪያ ለፖሊስ በሰጠው መግለጫና በተከሳሹ መልክ መካከል ልዩነት አለ? እኛን የሚያስገድድ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን በመስቀለኛ ጥያቄ ሊነሡ የሚገባቸውን ነጥቦች ከዚህ በላይ አሳጥሮ የጻፈ አላየሁም።

ስለ እምነት ቃል ደግሞ በ1989 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ የተፈጸመውን ወንጀል አስታውሱ። አምስት ወጣቶች ተከሰው፣ ለፖሊስ ሰጡት የተባለው ቃል በችሎት ቀርቦባቸው ተፈረደባቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. ሌላ ሰው ድርጊቱን እንደፈጸመ ተናገረ፤ የዘረመል ምርመራውም ያንኑ ሰው አመለከተ፤ ፍርዱም ተሻረ። የደከመና የፈራ ወጣት «ፈርምና ውጣ» ሲባል የነገውን ፍርድ ቤት ሳይሆን የዛሬውን ሌሊት ነው የሚያስበው። የወንድምዎም ድካም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

ነገሩ ግን የባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ሌባ የማፈላለጊያ ሥርዓት ነበር። ለአንድ ብላቴና የሚያፈዝ ነገር ይሰጠውና ወገቡን ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ዛሬ ስንሰማው እንገረማለን፤ በዘመኑ ግን ተበዳዩም፣ ሹሙም፣ መንደርተኛውም ያምኑበት ነበር። ተከሳሹ ብላቴናውን ሊጠይቀው አይችልም፤ የተሰጠውን መድኃኒት ሊመረምር አይችልም፤ የራሱን ምስክር ሊያቆም አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ተከሳሽ የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከት፣ ምስክሮችን የመጠየቅና የመከላከያ ማስረጃ የማቅረብ መብት አለው ሲል፣ ለእኔ የሚታየኝ የሌባሻይ ተቃራኒ ሆኖ ነው።

ነጋዴ ከቸርችል ጎዳና

ሁላችሁም ስለ ተከሳሹ መብት አምርራችሁ ትጽፋላችሁ፤ ስለ ሴትዮዋ ግን ማን ይጻፍ? እኔ ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤቴ ስሄድ በስለት አስፈራርተው የቀኑን ሽያጭ ወስደውብኛል። ችሎት ቀርቤ ስመሰክር ጠበቃው ገንዘቡን ራሴ የደበቅሁት አስመስሎ ነበር የጠየቀኝ። እስከዛሬ ያበሳጨኛል። ደግሞ እውነቱን ንገረን ብትሉኝ ከሰውየው ፊት ይልቅ በእጁ የያዘው ብረት ነው በዓይኔ ላይ የቀረው፤ ያም ሆኖ ተዘርፌያለሁ።

የልደታ ጠበቃ

ቅሬታዎ ተገቢ ነው። በዚህ ከተማ የሚነጠቅ ሰው ብዙ ነው፤ ለመመስከር ደፍሮ የሚመጣውም ሊከበር ይገባዋል። ምስክርን ከዛቻና ከበቀል ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ማንም ጠበቃ ምስክርን የማዋረድ ፈቃድ የለውም። በእርግጥም መጥፎ ጥያቄ ለተከሳሹም አይጠቅመውም። በወንድማችን ጉዳይ «ውሸትሽን ነው» የሚል ጠበቃ ደንበኛውን ይጎዳል፤ ተነጥቃለችና፤ ዳኛውም ያንን ያያል። ጥያቄው በክብር መቅረብ ያለበት፣ ያየችው ለምን ያህል ቅጽበት እንደነበር፣ ሰውየው ከፊት ወይስ ከኋላ እንደመጣባት፣ ከድልድዩ ሥር መብራት ስለመኖሩ፣ ጣቢያ ስትጠራም «ተይዟል፣ ነይና እይው» ተብላ እንደሆነ ነው። በስለቱ ላይ የተናገሩት ደግሞ ጥናት ያለው ነገር ነው፤ መሣሪያ ሲታይ ዓይን ከፊት ይልቅ መሣሪያው ላይ ይተከላል። ይህንን በቅንነት መናገርዎ ምስክርነትዎን የሚያሳንሰው አይመስለኝም።

የደኅንነት ካሜራ ገጣሚ

ሕግ አላውቅም፤ በስታዲየምና በለገሃር ዙሪያ ሱቆች ውስጥ ካሜራ መግጠምና መጠገን ነው ሥራዬ። ስለ ምስሉ ጥቂት ልበል።

መጀመሪያ ሰዓቱን አረጋግጡ። መቅጃዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀንና በ24 ሰዓት ነው የሚጽፉት፤ በምስሉ ላይ 18፡40 የሚል ካለ ያ ከምሽቱ 12፡40 ነው። ይህንን ወደ ወረቀት የሚገለብጠው ሰው ሲደክመው ወይም ሲቸኩል የስድስቱን ሰዓት ልዩነት ይዘነጋዋል። ቀኑም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ይላል። በዚያ ላይ መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር የመቅጃው ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀርባቸው ወይም እንዳዲስ የሚጀምሩ ብዙ መቅጃዎች አሉ፤ ባትሪያቸው ሞቶ ማንም አይቀይረውም። ስለዚህ በምስሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት ትክክል ነው የሚል ሰው፣ ምስሉ በተወሰደበት ዕለት የመቅጃውን ሰዓት ከትክክለኛው ሰዓት ጋር አመሳክሮ የጻፈ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ፖሊስ የያዘው ከዋናው መቅጃ የተገለበጠ ፋይል ነው ወይስ አንድ ሰው የሱቁን ስክሪን በስልኩ ቀርጾ የሰጠው? ሁለተኛው ዓይነት በጣም የተለመደ ነው፤ ያለውን ጥራት ይገድለዋል፤ ከፊቱና ከኋላው የነበረውንም ይቆርጠዋል። ከሯጩ ሰው ሁለት ደቂቃ በፊት ማን አለፈ የሚለውን ማንም አያየውም። ሌሎቹ ሱቆች ያላቸው ምስል ካለ ደግሞ አትዘግዩ፤ መቅጃው ሲሞላ በአሮጌው ላይ ይጽፍበታል፤ ብዙውን ጊዜ ከወር አያልፍም። አንድ ነገር ልጨምር፤ በታኅሣሥ ከምሽቱ 12፡40 ጨልሟል። በጨለማ ካሜራው ወደ ሌሊት አሠራሩ ሲዞር ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ሰማያዊውም፣ ቡናማውም ጃኬት ጥቁር ሊመስል ይችላል፤ እንዲያውም ጥቁሩ ጨርቅ ነጣ ብሎ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

የቀድሞ መርማሪ

ይህ የመጨረሻው ነጥብ እጅግ ጠቃሚ ነው። የሴትዮዋ አቤቱታ «ጥቁር ጃኬት» ያለው ምስሉን ከማየቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቀኑና ሰዓቱ በመዝገቡ ላይ ስለሚኖር ማመሳከር ይቻላል።

የሕግ ተማሪ፣ ስድስት ኪሎ

ማሽን አይዋሽም የሚል እምነት አደገኛ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በብሪታንያ ሆራይዘን የተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት የፖስታ ቤት ሒሳብ ጎድሏል እያለ በማሳየቱ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነበሩት ዓመታት ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች በስርቆትና በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባሉ። በኋላ ስህተቱ የሥርዓቱ መሆኑ ታወቀ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ፓርላማው በሕግ የብዙዎቹን ፍርድ እስከመሻር ደረሰ። ማሽኑን ማንም በመስቀለኛ ጥያቄ አልጠየቀውምና ወረቀቱ ብቻውን ፈረደ።

ወንድም ከሜክሲኮ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ ይህን ክር በታናሽ እህቴ ስልክ አነበቡት፤ ሐሳባቸውን ሙሉ በሙሉ ባይለውጡም «እንግዲያው ጠበቃ ይፈለግለት» ብለዋል። ሆኖም ገንዘብ የለንም። ዋስትናም በጊዜ ቀጠሮው ወቅት ተጠይቆ «ምስክር ያባብላል» ተብሎ ተከልክሏል። ሌላው፣ ወንድሜ ያን ምሽት ለገና መድረስ ያለበት ሥራ ስለነበር ሲያመሽ ቆይቷል። በማተሚያ ቤቱ የመግቢያና መውጫ መዝገብ ላይ ከምሽቱ 1፡30፣ ማለትም ነጠቃው ተፈጸመ ከተባለበት ሰዓት በኋላ፣ እንደወጣ ተፈርሟል። ይህ ብቻውን ነጻ አያወጣውም?

የልደታ ጠበቃ

በዋስትናው እንጀምር። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 63 ዋስትናን የሚያያይዘው ከቅጣቱ ክብደትና ተበዳዩ የመሞት ዕድል ያለው ከመሆኑ ጋር ነው፤ ቁጥር 67 ደግሞ ተከሳሹ ግዴታውን የማያከብር፣ ሌላ ወንጀል የሚፈጽም ወይም ምስክር የሚያባብል ይመስላል ሲባል እንዲከለከል ይፈቅዳል። አሁን ምርመራው አልቆ ክስ ቀርቧል፤ የምስክሯም ቃል በመዝገብ ሰፍሯል፤ ወንድምዎ ቋሚ ሥራና የታወቀ አድራሻ አለው። ስለዚህ ጥያቄውን ክሱን ለሚያየው ችሎት በአዲስ መልክ ማቅረብ ይቻላል፤ ምስክር ያባብላል የሚለው ሥጋትም በምን ላይ እንደተመሠረተ እንዲገለጽ ይጠይቁ። ከተከለከለም ቁጥር 75 በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለትን ይፈቅዳል።

ለጠበቃ መክፈል የማይችል ተከሳሽ፣ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ተሰጥቶታል። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ። በቀጠሮው ዕለት ወንድምዎ ራሱ ቆሞ «ጠበቃ ለማቆም አቅም የለኝም፤ ይመደብልኝ» ይበል፤ በመዝገብ እንዲሰፍርም ይጠይቅ። የተመደበው ጠበቃ ብዙ ጉዳይ ስለሚይዝ ፋይሉን ዘግይቶ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ እዚህ የተነሣውን ሁሉ በአንድ ገጽ አሳጥራችሁ፣ ቀንና ሰዓቱን በቅደም ተከተል አድርጋችሁ ያዙለት። ጠበቃው ስለ ጣቢያው ቃል ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄም አለ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚናገረውም በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው እንደሚገባ ያዛል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። ይህ ተነግሮታል? ቃሉ ሲሰጥ የደረጃ ምስክሮች፣ ማለትም አሰጣጡን ቆመው የታዘቡ ሰዎች፣ ነበሩ? በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሲቀርብስ ስለ ቃሉ የተናገረው ነገር አለ? በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 35 መሠረት ዳኛ ፊት የሚመዘገብ ቃል ቢሆን ኖሮ፣ ዳኛው በፈቃዱ መናገሩን ጠይቆ ሳያረጋግጥ አይመዘግበውም ነበር፤ ለምን ወደዚያ እንዳልተሄደ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ዐቃቤ ሕጉ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ማስረጃው ክሱን ካላቋቋመ፣ ቁጥር 141 ተከሳሹ ሳይከላከል በነጻ እንዲሰናበት ያዛል። በዚህ መዝገብ ይህ የማይሆን ነገር አይደለም፤ ሆኖም በእርሱ ላይ ብቻ መተማመን አይገባም፤ ይከላከል የሚል ብይን ቢሰጥ ዝግጁ ሆናችሁ መገኘት አለባችሁ።

ስለ መውጫ መዝገቡ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። በሴትዮዋ ቃል ላይ ያነሣናቸውን ሁለት ጥያቄዎች በዚህም ላይ ማንሣት ግድ ነው። ፊርማው የወንድምዎ ነው? የሥራ ባልደረባ ለባልደረባው አይፈርምም? ሰዓቱን የጻፈው ሰው ሰዓት አይቶ ነው ወይስ በግምት? ዐቃቤ ሕጉ ይህን ይጠይቃል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር።

ወንድም ከሜክሲኮ

እውነቱን ለመናገር፣ አንዱ ለሌላው የሚፈርምበት ጊዜ እንዳለ ወንድሜ ነግሮኛል። የዚያን ዕለት ግን ራሱ እንደፈረመ ይናገራል።

የቀድሞ መርማሪ

እንግዲያው ይህን ሳትደብቁ ለተመደበው ጠበቃ ንገሩት፤ በችሎት መካከል ከምስክር አፍ ቢሰማው የከፋ ይሆናል። መዝገቡን ለብቻው አታቅርቡት። ያን ምሽት ማሽኑ ላይ አብሮት የነበረ ሰው ማን ነው? በሩን የዘጋውስ? ሥራውን ያዘዘው ደንበኛ ሊወስድ የመጣበት ሰዓት የተጻፈበት የርክክብ ደረሰኝ አለ? እነዚህ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ አንድ ነገር ከተናገሩ መዝገቡ ክብደት ያገኛል። ስለዚህ ምስክሮቹን ሰብስባችሁ ምን እንደሚሉ አታስጠኗቸው፤ እያንዳንዱ የሚያስታውሰውን ብቻ ይናገር። ማስታወስ ያልቻለውን አላስታውስም ማለት ይችላል።

ዋናውን መዝገብ ደግሞ ከማተሚያ ቤቱ አታውጡት። ገጹን ገንጥላችሁ ብታመጡት ማን ቀጠለበት የሚል ጥያቄ ይነሣል። ባለቤቱ ጠብቆ እንዲያስቀምጠው በአክብሮት ጠይቁት፤ የገጹን ፎቶ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ገጾች ጋር አንሡና ለጠበቃው ስጡት፤ ዋናው እንዲቀርብ ትእዛዝ የሚያስፈልግ ከሆነ ጠበቃው ከፍርድ ቤቱ ይጠይቃል።

ወንድም ከሜክሲኮ

በሩን የሚዘጉት የጥበቃ ሠራተኛው ናቸው፤ እስካሁን ማንም አላነጋገራቸውም። የርክክብ ደረሰኙን ነገ ጠዋት ባለቤቱን እጠይቃለሁ። የሱቆቹንም የካሜራ ነገር በዚያው እየዞርኩ አያለሁ፤ ወሩ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

የደኅንነት ካሜራ ገጣሚ

ከድልድዩ በስተልደታ በኩል ያሉትን ሱቆች አስቀድም። ባለሱቆቹ ለግለሰብ አንሰጥም ሊሉ ይችላሉ፤ ቢያንስ እንዳይጠፋ ወደ ሌላ ዲስክ እንዲገለብጡትና የመቅጃውን ሰዓት ከስልክህ ሰዓት ጎን ለጎን አድርገህ ፎቶ እንድታነሣ ለምናቸው።

የልደታ ጠበቃ

የየሱቁን ስም፣ ካሜራው የተገጠመበትን ቦታና የሚፈለገውን የሰዓት ክልል ጽፈው ይያዙ፤ በቀጠሮው ዕለት ፍርድ ቤቱ ምስሉ እንዲቀርብ እንዲያዝ ሲጠየቅ እነዚህ ያስፈልጋሉ። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉት።